የማይረባ የሚለውን ላጥፋው?

እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ባንክ ቤት በስሟ ሲጠሯት እሷ ራሷ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ወደ ኋላዋ ትዞራለች። በአካባቢው ሁሉ የምትታወቀው «መብረቅ» ተብላ ነው። ስሙን ያወጡላት በወጣትነቷ የጽሕፈት መኪና ትመታበት የነበረው መሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ናቸው። አለቃዋ ደብዳቤ በቃሉ ሲያስጽፋት እሱ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ እሷ አራት ነጥቡን አስቀምጣ ትጠብቀው ነበር ይባላል። እንዲያውም አንዳንድ ቀን አለቃው ያለውን ትታ ማለት የነበረበትን ትጽፍለትና፣ እሱም ሳያነብ ፈርሞ ይልከውና፣ በኋላ በደብዳቤው የተመሰገነበት ጊዜ አለ። ይህን የምታወራው እሷው ናት። ምስክር አቅርባ አታውቅም፤ ደፍሮ የተከራከራትም የለም።

ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ አረማመዷ የሩጫ ያህል የሆነ ሴት ናት። ትዕግሥት ሲታደል እሷ ሌላ ጉዳይ ላይ ነበረች። ወረፋ ላይ ከፊቷ ያለው ሰው ኪሱን መዳበስ ከጀመረ ትቁነጠነጣለች፤ ሻይ ሲቀዳላት ብርጭቆው ሳይሞላ ታነሳለች፤ ሰው ወሬ ሲጀምርላት ገና «አንድ ቀን…» ከማለቱ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለዋለች። ባሏ በሕይወት ሳለ ዋና ሥራው «ኧረ ቀስ በይ» ማለት ነበር፤ ሳይሳካለት አረፈ።

እንግዲህ እግዜር መቀለድ ሲያምረው ይህችን ሴት ከአንድ ቀርፋፋ ኮምፒውተር ጋር አገናኛት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት ክፍሉን ሲዘጋ መብረቅ ቤት መዋል አልሆነላትም። አንድ ትልቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ተከራየችና «ትየባ፣ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ ኮፒ ማሽኑ ከገባ ወዲህ በሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ አያውቅም፤ ወፈር ያለ ደንበኛ በጎኑ ነው የሚገባው። ደረጃውን የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሁሉ አናቷ ላይ ይረግጣል። ኮምፒውተሩን የገዛችው አንድ ድርጅት ዕቃውን ሲቀይር ካስወገዳቸው መሃል መርጣ ነው፤ ያን ጊዜም ገና ከመግባቱ ያረጀ ነበር። «ሽማግሌው» አለችው።

ጠዋት በሩን ከፍታ መጀመሪያ የምታደርገው ሽማግሌውን ማብራት ነው። ከዚያ ክፍሉን ትጠርጋለች፣ ጠረጴዛውን ትወለውላለች፣ መስኮቱ ላይ ያለችውን አበባ ውሃ ታጠጣለች፣ አንደኛ ፎቅ ወጥታ የሒሳብ ክፍሏን ጸሐፊ ደኅና አደርሽ ብላ ያደረ ወሬ ካለ ሰምታ ትወርዳለች። ሽማግሌው አሁንም ጉሮሮውን እየጠራረገ ነው። ከሁሉ የሚያናድዳት ግን የፊደሉ ነገር ነበር። ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው ይከንፋሉ፤ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። መስመሩን ጨርሳ እጇን አጣምራ ስትጠብቅ ፊደሎቹ ከስብሰባ እንደሚወጡ አዛውንቶች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ይላሉ። አንድ ነገረኛ ደንበኛ ይህን አይቶ «መብረቁስ ወርዷል፤ እኛ የምንጠብቀው ነጎድጓዱን ነው» ብሎ ወረፋውን ሁሉ አስቆባታል። እሷ አልሳቀችም፤ ቀልዱ ግን ጥሩ እንደሆነ ገብቷታል፤ ያናደዳትም እሱ ነው።

የሚገርመው መድኃኒቱ ቤቷ ውስጥ ነበር። የልጇ ባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። አማቿ ዝምተኛና አንገተ ሰባራ ልጅ ነው፤ እሷ ፊት ድምፁ ከፍ ብሎ አያውቅም። መብረቅ አንድ ነገር ካለች «እሺ እማዬ» ነው፤ ደግሞ መጠየቅ ድፍረት ይመስለዋል። የሽማግሌውን ነገር ግን እየደጋገመ፣ በዘዴ፣ ምግብ ቀርቦ ሁሉም ደስ ሲለው ያነሳው ነበር። ዕቃው ደኅና ነው፤ የጎዳው የተከመረበት ብዛት ነው፤ ውስጡ ይጽዳና እንደ አዲስ ይጀምር፤ ፎርማት ቢደረግ ልጅ ይሆናል ይላታል። መብረቅ እሺ አትልም። ሰው ዘገየ ተብሎ ጭንቅላቱ ይታጠባል እንዴ ብላ ወሬውን ትዘጋዋለች። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። ሽማግሌው ሆድ ውስጥ ማንም እንዲደርስበት የማትፈልገው ነገር ነበራት።

ይህ ነገር የጋሽ ማርሽ መጽሐፍ ነው።

ጋሽ ማርሽ ጡረታ የወጣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እሱም እንደ መብረቅ ዋና ስሙ ጠፍቶበታል። «ማርሽ» የተባለው ወሬው ዳገት ላይ ሲደርስ ቀኝ እጁ ሳያውቀው ከወንበሩ ጎን ወርዶ ማርሽ ስለሚቀይር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀት የታጨቀበት ፌስታል ይዞ መጣና መጽሐፍ እንድትተይቢልኝ እፈልጋለሁ አላት። መብረቅ ወረቀቱን አየችው፤ ጽሑፉ የዶሮ ጭረት ነው። መነጽሯን አድርጋ አየችው፤ ያው ዶሮ ነው። እስቲ እርስዎ ያንብቡልኝ ብላ መለሰችለት። ጋሽ ማርሽ አቀረበው፣ አራቀው፣ ገለበጠው፤ በመጨረሻ ቀለሙ የራሱ እስክሪብቶ ቀለም መሆኑን ብቻ አረጋገጠላት። ስለዚህ የደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና በቃሉ ይነግራት ጀመር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከምሳ በኋላ ያ ወንበር የሱ ሆነ።

መንገድ ዳር ስለወለደች ተሳፋሪ ነገራት። ሙሽራውን ከሰርጉ ማግስት ረስቶት ስለሄደ አውቶቡስ ነገራት። ጣሪያ ላይ ከተጫኑ በጎች አንዷ ወርዳ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ስለተገኘችበት ጉዞ ሲነግራት መብረቅ ሳቋን መግታት አቅቷት ፊደል ስታለች፤ በሕይወቷ ፊደል ስታ የምታውቀው ያኔ ብቻ ነው። ደግሞ የሽማግሌው መዘግየት ለዚህ ሥራ ተስማማ። ዓረፍተ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱም ስክሪኑን እያዩ ይጠብቃሉ፤ ሲጠብቁ ያወራሉ። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት ኪራይ። መብረቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሲያወራላት ቶሎ ጨርስ አላለችም።

ይህን ያየችው ልጇ ናት። ልጇ አልፎ አልፎ ሱቅ ብቅ ትልና ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ ያገኘችውን ሁሉ ትከፍታለች፤ ከከፈተች ታነባለች፤ ካነበበች ታወራለች። አንድ ሁለት ጊዜ «እማዬ፣ አውቶቡሱ ዛሬ የት አደረሰሽ?» ብላ፣ እንደዚያ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ስትጠይቃት መብረቅ ፊቷ ጋለ። በዚህ ዕድሜ ፊት መጋሉ ራሱ አናደዳት። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች። «የግል» ብላ ብትሰይመው ልጇ በማግሥቱ ትከፍተዋለች። «ምስጢር» ብትለው በዚያው ቀን ትከፍተዋለች። አሰበችና መጽሐፉን አንድ ፎልደር ውስጥ ከታ ስሙን «የማይረባ» አለችው። የማይረባን ነገር ማን ይከፍታል? በብልሃቷ ለብዙ ጊዜ ስትኮራ ኖረች።

መጽሐፉ እየወፈረ ሲሄድ ሽማግሌው እየከበደው መጣ። ፎልደሩን ከፍተው ገጹ እስኪመጣ ጋሽ ማርሽ ሸለብ ያደርገው ጀመር። አንድ ቀን ታሪኩ ቁልቁለት ላይ ነው። የአውቶቡሱ ፍሬን ግሏል፣ ተሳፋሪው ይጮኻል፣ ጋሽ ማርሽ መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዞ ጎማው ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው ደረቀ። ማውሱ አይሄድ፣ ፊደሉ አይመጣ። ጋሽ ማርሽ እግሩን ወለሉ ላይ እንደረገጠ ቀረ። አጠፋችው፣ አበራችው፤ እስኪነሳ ሕንፃው ሊዘጋ ደረሰ። ጋሽ ማርሽ ኮፍያውን አድርጎ ሲነሳ፣ ተሳፋሪዎቼ ዛሬ ገደል አፋፍ ሊያድሩ ነው፤ ብርድ ልብስ የያዘም የለ ብሏት ሄደ። ለመቀለድ ነው የተናገረው። መብረቅ ግን አፈረች፤ በሥራዋ ማፈር ደግሞ አትችልበትም። ወዲያው ለአማቿ ደወለች።

በማግሥቱ አማቿ ከሥራው እንደወጣ መጣ። የደንበኞቿን ሥራ አንዱንም ሳይተው ገልብጦ እንዲያስቀምጥና ሽማግሌውን እንዲያድስላት ነገረችው፤ ቁልፉን ሰጥታው እራት ልትሠራ ወደ ቤቷ ሄደች። ስለ «የማይረባ» አልነገረችውም። ገልብጥ የተባለ ሰው ሁሉንም ይገለብጣል ብላ ነው፤ ደግሞ ስሙን አፏ ላይ ማምጣት አሳፈራት። ልጁ ጠንቃቃ ነው፤ ፎልደሮቹን እያንዳንዳቸውን እያየ ወደ ራሱ ዕቃ ገለበጠ። መጨረሻ ላይ «የማይረባ» የሚል አገኘ። የሌላ ሰው ቢሆን ከፍቶ ያየው ነበር። የአማቱ ፎልደር ግን የአማቱ ጓዳ ማለት ነው፤ ሳያስፈቅድ አይገባበትም። ስለዚህ ደወለ።

መብረቅ ቤት ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ የገባው ያኔ ነው። ድስቱ ይንጣጣል፣ ልጇ ከኋላ ቧንቧ ከፍታ ሰሃን ታጥባለች፣ ስልኩ በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ተጣብቋል።

«እማዬ፣ ሌላውን ሁሉ ጨርሻለሁ። የማይረባ የሚለውን ላጥፋው?»

ከዚህ ሁሉ ዘይቱ ግማሹን በላው። እሷ ጋ የደረሰው «እማዬ… ጨርሻለሁ… የማይረባ… ላጥፋው?» የሚለው ነው። ልጁ ሞክሮ ሞክሮ ተስፋ ቆረጠ፣ ይህ ኮምፒውተር የማይረባ ነው፣ አጥፍቼው ልምጣ እያለ ነው ብላ ገመተች። አሳዘናት።

«አጥፋው ልጄ፤ ምን ያደርግልናል። አጥፋውና ና፣ እራት ደርሷል።»

«ጨርሶ?» አላት። ለሱ ይህ ትልቅ ድፍረት ነው።

«ጨርሶ እንጂ። መብራቱንም አጥፋ።»

ቋንቋችን በዚህ በኩል ቆጣቢ ነው። አምፖልም ይጠፋል፣ ጽሑፍም ይጠፋል፣ መንገድም ሰውም ይጠፋል፤ ለሁሉም ያለን ያው አንድ ቃል ነው። አማቿ የታዘዘውን ፈጸመ። የማይረባውን አጠፋ፣ ሽማግሌውን ከነጭራሹ ፍቆ እንደ አዲስ አስጀመረው፣ የገለበጠውን ሁሉ መለሰለት፣ መብራቱንም አጠፋ። እራት ላይ መብረቅ ከሁሉ አብልጣ ለሱ አወጣችለትና፣ አይዞህ፣ ዕድሜ ነው፣ አንተ ምን ታደርገው ብላ አጽናናችው። ልጁ ስለ ራሱ መመካት ስለማይወድ ነገ ያዩታል ብቻ አላት።

በማግሥቱ መብረቅ ያለ ተስፋ ማብሪያውን ተጫነችና ልትጠርግ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ስክሪኑ በርቶ ይጠብቃታል። ተጠራጠረች። ቁጭ ብላ የመጣላትን መታች። ፊደሎቹ ከጣቷ ሥር ዘለው ወጡ። ፈጠነች፤ ፈጠኑ። የአለቃዋን የድሮ ደብዳቤ ከነቁጥሩ በቃሏ መታችው፤ ነጥቡን ስታስቀምጥ ነጥቡም እዚያው ነው። ብቻዋን ሳቀች። ለአማቿ ደውላ፣ እጅህ ይባረክ፣ እኔ ሳይገባኝ ነው ትናንት ያጽናናሁህ እያለች ምርቃት አወረደችበት። ነገረኛው ደንበኛ በዚያ ጠዋት መጥቶ ማመልከቻውን ገና ሳይቀመጥ ታትሞ ተቀበለ፤ ቀልዱን እንደያዘ በጎኑ ወጣ።

ረፋድ ላይ፣ ሥራ ጋብ ሲልላት፣ አውቶቡሱን ከገደሉ አፋፍ ልታወጣ ፎልደሮቹን ዘረጋች። የደንበኞቹ ሁሉ አለ፤ ከድሮውም በተሻለ ሥርዓት ተደርድሯል። የማይረባ የለም። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሄደች። የለም። ደወለች።

«ልጄ፣ የማይረባውስ?»

«አጥፍቼዋለሁ እማዬ። አጥፋው ብለውኝ።»

መብረቅ የደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሽንኩርቱ ጆሮዋ ውስጥ ዳግመኛ ተንጣጣ፤ አሁን ያኔ ያልሰማችውን ሁሉ ሰማች።

አማቿ ሥራውን ጥሎ መጣ። የጠፋ ይመልሳል የሚሉትን ፕሮግራም ሁሉ ሞከረ። አንድ ነገር ወጣለት፤ ሲከፍተው ገጽ በገጽ የተሰለፉ ትንንሽ ባዶ ሳጥኖች ናቸው፤ አልፎ አልፎ ብቻ «ከዚያ» የሚል ቃል በሕይወት ተርፏል። የጋሽ ማርሽ ዕድሜ ሙሉ ወደ ሳጥንና «ከዚያ» ተለውጧል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጥፋቱ የኔ ነው አላት። እሷ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነው አለች። እሱ እንዴት ተደርጎ አለ፤ እሷ አልሰጥህም አለች። ጥፋቱን እንዲህ ሲሻሙ ቆይተው በመጨረሻ ወደ ሥራህ ሂድ ብላ ሸኘችው። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም ነበር፤ እንዲያ የሆነ ሰው ባለበት ክፍል ማሰብ አልቻለችም።

ብቻዋን ስትቀር ሰበብ መረጠች። ቫይረስ ገባ ማለት ይቻላል። መብራት ሄዶ መጣ ማለት ይቻላል። ጋሽ ማርሽ ስለ አውቶቡስ እንጂ ስለ ኮምፒውተር አያውቅም፤ ያምናታል። ያምናታል የሚለው ነው ሰበቡን ሁሉ ያበላሸባት። ደግሞም የፈራችው ቁጣውን አይደለም፤ ቁጣ ታውቅበታለች፤ ይልቅ ትመልስለታለች። የፈራችው ይህ ወንበር ከምሳ በኋላ ባዶ መዋሉን ነው። ይህን ለራሷ አምና ስትሰማ ክው አለች። ሰው ነው የናፈቀኝ፣ ገና ሳይሄድ አለች በልቧ፤ ይህን ሽማግሌ እወደዋለሁ ማለት ነው።

ከዚህ የከፋም ነበር። ሌላውን ጉዞ ሁሉ ጋሽ ማርሽ እንደገና ቢነግራት ደስ ይለዋል፤ ሦስቴም ይነግራታል። አንድ ምዕራፍ ግን ነበር፣ ጥላው ስለሄደች ሚስቱ። ያን የነገራት ግድግዳውን እያየ ነው፤ እጁም ማርሽ አልነካም። ሲጨርስ «ጻፍሽው አይደል? ይህን ሁለተኛ አልናገረውም» ብሏት ነበር። ጽፌዋለሁ ብላዋለች።

የጫማው ድምፅ ደረጃው ላይ ሲሰማ ሰበቦቹ ሁሉ በየፊናቸው ተበተኑ። ጋሽ ማርሽ ገባ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ተሳፋሪዎቼ እንዴት አደሩ ብሎ ተቀመጠ። መብረቅ እንደ ልማዷ አንድ ትንፋሽ ወስዳ ሁሉንም ባንዴ ነገረችው፤ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ስልኩ፣ አጥፋው ስላለችው፣ መብራቱን ጭምር ስላለችው፣ ስለ ሳጥኖቹ። ምንም አላስቀረችም። ጋሽ ማርሽ በዚያ ፍጥነት የተነገረውን ለመከተል ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

«የማን ፎልደር ነው አልሽኝ?» አላት።

«የርስዎ። መጽሐፉ ያለበት።»

«እና ስሙ ማን ነው?»

ይህን ነበር ያላሰበችበት። «የማይረባ» አለችው።

ጋሽ ማርሽ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዞረው። ዕድሜ ልኬን አንዳንድ አለቃ እንዲህ ብሎኛል፤ ጽፎ ያስቀመጠ ግን አልነበረም አላት። ፈገግ ያለ ይመስላል፤ ግን አላለም።

መብረቅ መነጽሯን አወለቀች። ያለ መነጽር ፊቱ ስለማይታያት ለመናገር ቀለላት።

«ማንም እንዳይከፍተው ነው ጋሼ። የማይረባ ያልኩት፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ካለው ሁሉ የምሳሳለት እሱ ስለሆነ ነው።»

ከላያቸው አንድ ሰው ደረጃውን ወርዶ አለፈ። ጋሽ ማርሽ ስለ ተሳፋሪዎቹ ጠየቃት፤ ገደሉ ላይ ያሉትም ሄዱ ወይ አላት። ሄደዋል አለችው። ሳይወርዱ? አላት። ሳይወርዱ። ራሱን ነቀነቀና፣ ግድ የለም፣ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ እንደገና እነዳላቸዋለሁ አለ። መብረቅ ልትተነፍስ ስትል ድምፁ ተለወጠ።

«የሷስ ምዕራፍ?»

«እሱም።»

ጋሽ ማርሽ ተነሳ። «እሱን አልችልም» አላት። «ያለሱ ደግሞ መጽሐፉ የኔ አይደለም፤ የአውቶቡሱ ነው።» ኮፍያውን አድርጎ በጎኑ ወደሚወጣበት በር ዞረ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

መብረቅ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ አላለችውም። መነጽሯን አደረገች፣ ወደ ሽማግሌው ዞረች፣ ጣቶቿን አሳረፈች። ከዚያ መታች። ጋሽ ማርሽ በሩ ላይ ሆኖ ሰማት። የሚነግራት ሰው የለም፤ ከፊቷ ወረቀት የለም፤ እሷ ግን ትመታለች፤ የመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ያኔ የሰማው ድምፅ ይህ መሆን አለበት። ሽማግሌውም አንድ ፊደል ወደ ኋላ አልቀረባትም። ስትጨርስ ዘወር ሳትል አነበበችለት።

«ባለቤቴ የኔን አውቶቡስ ትኬት እንደማንኛውም ተሳፋሪ ቆርጣ ገባች። ሻንጣዋን ረዳቱ ጣሪያ ላይ ጫነው። ማን እንደሆነች አያውቅም ነበር። እናቷ አገር እስክንደርስ እኔ በስፖኪዮ እሷን አየኋት፣ እሷ በመስኮት ውጭውን አየች። ስትወርድ ‹ደኅና ግባ› አለችኝ። እኔም ‹እሺ› አልኳት። ሌላ የምላት ነበረኝ፤ ግን ከኋላዬ ያለው መኪና ክላክስ አደረገብኝና በሩን ዘጋሁ። ከከተማው እንደወጣሁ ዝናቡ በረታ። መንገዱ አልታይ ሲለኝ የዝናብ መጥረጊያውን ከፍቼ ዳር ይዤ ቆምኩ። ተሳፋሪዎቹ ለምን ቆምክ አላሉኝም። ደግ ሰዎች ነበሩ። ሲያባራልኝ ነዳሁ።»

ጋሽ ማርሽ ከበሩ ተመለሰና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ዓይኖቹ ስክሪኑ ላይ ናቸው፤ ማንበብ ግን አይችልም፤ መነጽሩን አልያዘም።

«አንድ ቃል አልቀረሽም» አላት። ቆይቶ ደግሞ፣ «አንድ ነገር ግን ልክ አይደለም።»

መብረቅ ይህን አልወደደችውም። «እንደ ነገሩኝ ነው የጻፍኩት ጋሼ።»

«እንደ ነገርኩሽ ነው የጻፍሽው። ልክ ያልሆነው የነገርኩሽ ነው።» ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። «ዝናብ አልነበረም።»

መብረቅ ጣቶቿ አየር ላይ ቀሩ። አልፈጠነችም። ጋሽ ማርሽ ጠራራ ፀሐይ እንደነበር፣ ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል እንዳልነበር፣ ሲነግራት እንባ ማለት ስላፈረ ዝናብ እንዳለው እየተቆራረጠ ተናገረ። እሷም ዝናቡን ከነመበርታቱ አወጣችው። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን እያየች ቆየች።

«መጥረጊያውስ?» አለችው በቀስታ። «እሱንም ላውጣው?»

«እሱማ ይሠራ ነበር፤ እሱን ተይው» አላት ጋሽ ማርሽ። «ደረቁን መስታወት ይጠርግ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ አይቶታል።»